ስሎቬኒያን በመኪና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስሎቬኒያን በመኪና ዞረን ከተመለስን ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ዋሽንግተን ያለችው ጓደኛዬ ትጠይቃለች፣ ፍራንክፈርት ያለው ዘመድ ይጠይቃል፣ ከአዲስ አበባም ይደወላል። ጥያቄው ደግሞ ያው ነው። አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። እኔ የምኖረው ቪየና ነው። ስሎቬኒያ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴ ከባለቤቴ ጋር ብቻ፣ አንዴ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጡትን አክስቴን ይዘን። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለብቻው ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስሎቬኒያ ነው ስሎቫኪያ ያልሽው?

ስሎቬኒያ። በጣሊያን፣ በኦስትሪያ፣ በሃንጋሪና በክሮኤሺያ መሐል ያለችው። ዋና ከተማዋ ሉብሊያና ነው። ስሎቫኪያ ሌላ አገር ነች፤ ዋና ከተማዋ ብራቲስላቫ። ባንዲራቸው እንኳ ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሰማያዊና ቀይ ነው። ስለዚህ ሆቴል ስትይዙ የአገሩን ስም ሁለት ጊዜ አንብቡ።

ስሎቬኒያ የድሮዋ ዩጎዝላቪያ አካል ነበረች። በዕድሜ ጠና ላሉት ቲቶ ሲባል ይገባቸዋል፤ የጃንሆይ ወዳጅ የነበሩት የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶ። በጁን 1991 ነፃነቷን አወጀች፤ ጦርነቱ አሥር ቀን ብቻ ፈጀ። በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች። ከ2007 ጀምሮ ገንዘቧ ዩሮ ነው።

ይህን የምታክል ትንሽ አገር በሁለት ቀን አትዞርም?

የመጀመሪያው ስህተታችን ይኸው ነበር። ስፋቷ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ50 በላይ ስሎቬኒያዎች ይገባሉ። ሕዝቧ 2.1 ሚሊዮን ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ያነሰ። ካርታውን ዘርግተን «ከሰሜን ደቡብ ምንድን ናት?» አልን። ሁለት ቀን መደብን።

ካርታው ያልነገረን ነገር ነበር። እዚህ አገር ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም፣ በጠመዝማዛ ነው። ከክራንስካ ጎራ እስከ ቦቬትስ 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፍጥነት መንገድ ቢሆን ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር። ግን መሐሉ ላይ የቭርሺች ተራራ ቆሟል፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ሳትቆሙ፣ ከቆማችሁ ግማሽ ቀን። የማይቆም ሰው ደግሞ አላየሁም።

ሌላው ነገር መልክዓ ምድሩ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። የአልፕስ ተራሮች፣ የሜዲትራንያን ባሕር፣ የሃንጋሪ ሜዳና የባልካን የኖራ ድንጋይ አገር እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ጠዋት በረዶ ያለበት ጫፍ ሥር ቡና ጠጥታችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከወይራ ዛፍ ሥር ትቀመጣላችሁ። ከግማሽ በላዩ መሬት ደን ነው። የቤቱ አሠራር እንኳ ይቀየራል፤ በሰሜን ሹል የእንጨት ጣሪያ፣ በደቡብ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ። በሁለት ቀን የምትሮጡ ከሆነ ይህን ሁሉ በመስኮት ታያላችሁ፤ እኛም ያየነው በመስኮት ነው።

እሺ፣ ስንት ቀን ይበቃል? በየት በኩል እንሂድ?

አምስት ቀን። ምሥራቁን ከጨመራችሁ ሰባት። ሁለተኛው ጉዟችን እንዲህ ነበር፦ የመጀመሪያው ቀን ከሉብሊያና ወደ ብሌድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዳር ቦሂን። በሁለተኛው ቭርሺችን ተሻግረን ወደ ሶቻ ሸለቆ። በሦስተኛው ወንዙን ተከትለን ኮባሪድና ኖቫ ጎሪትሳ፣ ማታ ባሕሩ ዳር ፒራን። አራተኛው ቀን የጨው መሬቱና የሽኮትስያን ዋሻ። በአምስተኛው ፖስቶይናን አይተን ወደ ሉብሊያና ተመለስን።

ሉብሊያና ስትገቡ መኪናውን ዳር ላይ አቁሙት። መሐል ከተማው ለመኪና ዝግ ነው። በእግር የዘንዶዎቹን ድልድይ፣ ጎን ለጎን የቆሙትን ሦስት ድልድዮችና ገበያውን በአንድ ከሰዓት ትጨርሳላችሁ።

መቼ ይሻላል?

ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ፣ ወይም መስከረም፤ በኛ አቆጣጠርም በነሱም ብዙ አይራራቅም። ሐምሌና ነሐሴ ብሌድ ሰው በሰው ይሆናል፤ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ብቻ ያደክማል። በክረምት ቭርሺች በበረዶ ይዘጋል። አልፕስ ላይ ዝናብ ቶሎ ይመጣል፤ ጃኬት ያዙ፣ በነሐሴም ቢሆን።

ከአዲስ አበባ ወይም ከአሜሪካ በየት በኩል እንግባ? ቪዛስ?

ወደ ሉብሊያና ቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ጥቂት ነው። የአገሪቱ አየር መንገድ አድሪያ በ2019 ከስሮ ተዘግቷል። ብዙ ሰው በጎረቤት አገር ይገባል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቪየና ይገባል፤ ከዚያ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ቬኒስን ይመልከት፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት። ዛግሬብ ደግሞ ከሁሉም ቅርብ ናት።

ቪዛው ሸንገን ነው። ሸንገን ካላችሁ ከቪየናም ከቬኒስም ያለ ሌላ ወረቀት ትገባላችሁ። ግን «ድንበር የለም» ተብላችሁ ፓስፖርት ሆቴል እንዳትተዉ። ፖሊስ ድንበር ላይ አልፎ አልፎ ያስቆማል። እኛን አንዴ አስቁሞ አይቶ አሳለፈን፤ የፊታችንን መኪና ግን ዝም ብሎ ነው ያሳለፈው። የዚህን ትርጉም ለናንተው ትቼዋለሁ።

መኪና ስንከራይ ምን እንጠንቀቅ?

መጀመሪያ ቪኜት። የፍጥነት መንገዱ ላይ እንደ አዲስ አዳማ መንገድ የክፍያ በር የለም። ቀድማችሁ በኢንተርኔት ትከፍላላችሁ፤ የመኪናው ታርጋ ይመዘገባል፤ ካሜራ ያየዋል። የሳምንቱ ለቤት መኪና 16 ዩሮ ገደማ ነው። ሳይከፍሉ መገኘት ከ300 ዩሮ ጀምሮ ያስቀጣል። ከአገሩ ውስጥ የተከራያችሁት መኪና ብዙ ጊዜ ተከፍሎለት ይመጣል፤ ግን ጠይቁ። ከቪየና የምትመጡ የኦስትሪያውንም ለብቻው መክፈል አለባችሁ። በሰሜን ያለው የካራቫንኬ ዋሻ መንገድ ደግሞ ከቪኜቱ ውጭ የራሱ ክፍያ አለው።

ሁለተኛ፣ መኪናውን በአንድ አገር ተቀብላችሁ በሌላው ልትመልሱ ከሆነ ዋጋውን አስቀድማችሁ አጣሩ። እኛን አንድ አከራይ በዚህ አቃጥሎናል፤ ከኪራዩ የበለጠ ከፈልን።

የቀረው ቀላል ነው። የፊት መብራት ቀንም ይበራል። ከተማ ውስጥ 50፣ ከከተማ ውጭ 90፣ በፍጥነት መንገድ 130 ነው። ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 15 የክረምት ጎማ ወይም ሰንሰለት ግዴታ ነው። ነዳጅ ከፍጥነት መንገዱ ወጣ ብላችሁ ቅዱ፤ ይረክሳል። አደጋ ከመጣ 112፣ ፖሊስ 113። የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ዓለም አቀፉንም አውጡ፤ አከራዮቹ ይጠይቃሉ። በእጅ ካምቢዮ መቀየር የለመዳችሁ ችግር የለባችሁም። አውቶማቲክ ብቻ የምትነዱ ግን ቀድማችሁ ያዙ፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው።

ብሌድ ወይስ ቦሂን?

ፎቶ ከሆነ የምትፈልጉት ብሌድ። ዕረፍት ከሆነ ቦሂን። በሁለቱ መካከል ያለው ግማሽ ሰዓት መንገድ ብቻ ነው።

ብሌድን ሳታውቁት አይታችሁታል፤ በየቀን መቁጠሪያው ላይ ያለው፣ መሐሉ ላይ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ሐይቅ እሱ ነው። ከላይ 130 ሜትር ገደል ጫፍ ላይ ግንብ ተቀምጧል። ወደ ደሴቱ የሚወስዷችሁ ፕሌትና በሚባሉ ጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባዎች ነው፤ ቀዛፊው ቆሞ ይቀዝፋል። ስትወርዱ 99 ደረጃ ይጠብቃችኋል። በአገሩ ወግ ሙሽራው ሙሽራይቱን ተሸክሞ ነው የሚወጣው፤ እሷ ደግሞ እንዳትናገር። ባለቤቴን አየሁት፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ።

ቤተ ክርስቲያኑ በእመቤታችን ዕርገት ስም የተሠራ ነው። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጫማቸውንም ሊያወልቁ ነበር። ውስጥ ገመድ አለ፤ ስባችሁ ደወሉን ከደወላችሁ የተመኛችሁት ይሆናል ይባላል። አክስቴ ሦስት ጊዜ ደወሉ። ምን እንደተመኙ እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

ቦሂን ሌላ ዓለም ነው። ከአገሪቱ ቋሚ ሐይቆች ትልቁ ነው፣ ግን ዙሪያው ጸጥ ያለ ነው፤ ተራራ፣ ደን፣ አንድ ትንሽ የድንጋይ ድልድይና የዮሐንስ መጥምቅ ቤተ ክርስቲያን። ግድግዳው ላይ የመካከለኛው ዘመን ሥዕሎች አሉ። ከዚያ ወዲያ ሳቪትሳ ፏፏቴ፤ ብዙ ደረጃ ወጥታችሁ ነው የምታዩት። በቮግል የተራራ ገመድ ካቢን ብትወጡ ደግሞ የአገሪቱ ትልቁ ተራራ ትሪግላቭ ከፊታችሁ ይቆማል። 2,864 ሜትር ነው። «ይሄ ነው ትልቁ?» አሉ አክስቴ። አዲስ አበባ ራሷ በ2,300 ሜትር ላይ ተቀምጣ፣ ለኛ ቁጥሩ አይገርምም። ግን እዚህ ተራራው ከሥሩ ጀምሮ ነው የሚታየው፤ ከዝቅተኛ ሸለቆ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለስሎቬኒያውያን ደግሞ ተራራ ብቻ አይደለም፤ ባንዲራቸው ላይ አለ።

ቭርሺች ያስፈራል የሚሉት እውነት ነው?

ሊማሊሞን ያለፈ ሰው አይፈራም። ጠባብ ግን ነው። ከክራንስካ ጎራ በኩል 24 ጠመዝማዛ ትወጣላችሁ፤ መታጠፊያዎቹ ኮብልስቶን ናቸው። ጫፉ 1,611 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በትሬንታ በኩል 26 ጠመዝማዛ ትወርዳላችሁ። ሁሉም ቁጥር አላቸው፤ እኛ በየመታጠፊያው እየቆጠርን ወረድን። ብስክሌት፣ ሞተር ሳይክልና ካምፐር ይበዛበታል። በቅዳሜና እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጀምሩ። በሐበሻ ሰዓት ማለቴ ነው።

ስትወርዱ ፍሬን ላይ አትቁሙ። ሁለተኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ይያዝ። በመጀመሪያው ጉዞ ባለቤቴ እስከ ታች በፍሬን ወረደ። ትሬንታ ስንደርስ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መኪናውን ሞላው፤ ግማሽ ሰዓት ቆመን አበረድነው። እሱ እስከ ዛሬ «ከሌላ መኪና ነው የመጣው» ይላል።

የመንገዱ ታሪክ ከባድ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያ ሃንጋሪ ጦር ወደ ሶቻ ግንባር ስንቅና መሣሪያ ማሳለፊያ ፈለገ፤ የተማረኩ ሩሲያውያንን አሰለፈ። በማርች 1916 የበረዶ ናዳ ብዙዎቹን ቀበራቸው። ጓደኞቻቸው ከእንጨት ትንሽ ጸሎት ቤት ሠሩላቸው። ዛሬም ስምንተኛው መታጠፊያ አጠገብ ቆሞ አለ፤ ጉልላቱ የኦርቶዶክስ ነው። እዚያ ቆሙ። ሊማሊሞም የጦርነት ዘመን መንገድ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ እሱን ያሠራው የጣሊያን ወራሪ ነበር።

ቭርሺች ቢዘጋባችሁ አማራጭ አለ። ከቦሂንስካ ቢስትሪትሳ መኪናችሁን ባቡር ላይ ጭናችሁ በ1906 በተከፈተው፣ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ዋሻ ውስጥ አልፋችሁ ሶቻ ሸለቆ ትወጣላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ባቡሩ መኖሩን አጣሩ።

ኮባሪድ ምን አለ? ከኛ ጋር ያገናኘዋል ያልሽው ምኑ ነው?

ረጅም መልስ ነው፤ ቡናችሁን ያዙ።

ሶቻ ወንዝ መጀመሪያ ዓይን ያታልላል። ውሃው አረንጓዴ ነው ቢባልም አይበቃም፤ ወተት ጠብ ያለበት የመረግድ ድንጋይ ይመስላል። በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ ነሐሴ ላይ እግሬን አግብቼ አሥር አልቆጠርኩም። ቦቬትስ ላይ ሰዎች በጎማ ጀልባ ይወርዱበታል።

ይህ ወንዝ በጣሊያንኛ ኢሶንዞ ይባላል። ከ1915 እስከ 1917 ጣሊያንና ኦስትሪያ ሃንጋሪ በዳርቻው አሥራ ሁለት ጊዜ ተዋጉ። የመጨረሻው የተጀመረው ኦክቶበር 24 ቀን 1917 ነው። የጀርመንና የኦስትሪያ ጦር ኮባሪድ አካባቢ መስመሩን ሰበረ፤ ከ250,000 በላይ የጣሊያን ወታደር ተማረከ። ጣሊያኖች ኮባሪድን ካፖሬቶ ነው የሚሏት። ቃሉ እስከ ዛሬ በቋንቋቸው የውርደት ሽንፈት ማለት ነው። እኛ ዐድዋን ስናነሳ እነሱ ምን እንደሚሰማቸው ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ የዚያ ስሜት ሌላው ስሙ ይሄ ነው።

መስመሩ ከተሰበረባቸው ጄኔራሎች አንዱ ማን ነበር? ፒየትሮ ባዶሊዮ። ኢትዮጵያን በ1935ና በ1936 የወጋው፣ በመርዝ ጋዝ ሕዝብ ያስጨረሰው፣ ሜይ 5 ቀን፣ በኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ የገባው ያው ሰውዬ። በካፖሬቶ የአንድ ኮር አዛዥ ነበር። ጠቅላይ አዛዡ ካዶርና ሲሻሩ እሱ ጭራሽ ተሹሞ ምክትል ኤታ ማዦር ሹም ሆነ።

ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ ኖቫ ጎሪትሳ አጠገብ ሳቦቲን የሚባል ረጅም ኮረብታ አለ። ባዶሊዮ ዝናውን ያገኘው በኦገስት 1916 ይህን ኮረብታ በማስያዙ ነው። በኋላ «የሳቦቲኖ ማርኪዝ» ተባለ። ከዚያ «የአዲስ አበባ መስፍን» የሚል ጨመሩለት። ዛሬ ሳቦቲን የሰላም ፓርክ ነው። ድንጋዩን ፈልፍለው የሠሩት የጦር ዋሻ ውስጥ ትገባላችሁ፤ የጣሊያን ድንበር በጀርባው ያልፋል። አክስቴ ጫፉ ላይ ቆመው ሸለቆውን ብዙ አዩ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ። «እዚህ ተምሮ ነው ለካ የመጣብን» አሉና ወደ መኪናው ተመለሱ።

እዚያው ያለው ሕዝብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት። ከጦርነቱ በኋላ ይህ ምዕራባዊ ስሎቬኒያ ለጣሊያን ተሰጠ። ፋሺስቶቹ ስሎቬንኛን ከትምህርት ቤት አስወጡ። ወጣቶቹን በጣሊያን ጦር መለመሉ፤ ከነሱ ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ ጦርነት የተላኩ አሉ። በራሳቸው ቋንቋ መማር ያልተፈቀደላቸው ልጆች ሌላውን ሕዝብ እንዲወጉ ባሕር ተሻግረው ተላኩ። ኮባሪድ ሙዚየም ስትገቡ ይህን ይዛችሁ ግቡ። ሙዚየሙ ትንሽ ነው፤ የወታደሩን ነፍስ እንጂ የጄኔራሉን ድል አያሳይም። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ከ7,000 በላይ የጣሊያን ወታደሮች አፅም ያረፈበት ሐውልት አለ።

ፖስቶይና ወይስ ሽኮትስያን? ሁለቱም ዋሻ አይደሉ?

ናቸው፣ ግን አይመሳሰሉም። አካባቢው በሙሉ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ድንጋዩን ያሟሟዋል፤ ወንዙ ከላይ ጠፍቶ ከሥር ይሄዳል። ይህ ዓይነቱ መሬት በሳይንስ «ካርስት» የሚባለው በዚሁ በክራስ አምባ ስም ነው። የባሌውን ሶፍ ዑመር ያያችሁ ነገሩ ይገባችኋል፤ እዚያም ወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ያልፋል።

ፖስቶይና ምቹ ነው። በኤሌክትሪክ ባቡር ትገባላችሁ፤ ሐዲዱ የተዘረጋው በ1872 ነው፤ ያኔ ሰረገላውን አስጎብኚዎቹ በእጃቸው ይገፉት ነበር። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ 10 ዲግሪ ነው፤ ሹራብ ያዙ። የዋሻው ጌታ ዓይኑ የማያይ፣ የሰው ቆዳ የመሰለ ቀለም ያለው ትንሽ ፍጡር ነው። ፕሮቴዎስ ይባላል፤ የአገሩ ሰው «የሰው ዓሣ» ይለዋል፤ በድሮ ዘመን የዘንዶ ግልገል ይመስላቸው ነበር። ሳይበላ ዓመታት ይቆያል። እስከ 100 ዓመት ሊኖር እንደሚችል ተመራማሪዎች ይገምታሉ። «ጾመኛ ነው» አሉ አክስቴ።

ሽኮትስያን በእግር ነው። ከ1986 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው። ሬካ የሚባለው ወንዝ በገደል ሥር ይገባና ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በምድር ሆድ ሄዶ ጣሊያን ውስጥ ይወጣል። እናንተ ከወንዙ 45 ሜትር ገደማ በላይ በተሠራ ድልድይ ላይ ትሻገራላችሁ፤ ከታች ድምፁ ያጓራል፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው። ከአንድ በላይ ለማየት ጊዜ የለኝም ካላችሁኝ ሽኮትስያንን ምረጡ። ጉልበት የሚያማቸው ሰው ካለ ፖስቶይናን።

በዚያው ሰፈር ፕሬድያማ የሚባል፣ ዋሻ አፍ ውስጥ የተሠራ ግንብ አለ። ከውጭ አይታችሁ ብታልፉም ይበቃል። ይልቅ ቼርክኒትሳን ተመልከቱ። ሐይቅ ነው፣ ወይም ሐይቅ አይደለም፤ እንደ ወሩ ነው። ዝናብ ሲበዛ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ይሆናል፤ በበጋ ውሃው በመሬት ቀዳዳ ይሰርግና ገበሬው ሣር ያጭድበታል። በሰኔ ስንሄድ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ሜዳ ነበር።

ባሕር አለ ወይ?

47 ኪሎ ሜትር ገደማ። እሱም ለነሱ ብዙ ነው። ፒራን ለዘመናት በቬኒስ ሥር ነበረች፤ ጠባብ መንገዶቿ፣ የደወል ግንቧ፣ የመስኮቷ ቅርፅ ሁሉ ቬኒስ ቬኒስ ይላል። ምልክቶች በሁለት ቋንቋ ተጽፈዋል፤ በስሎቬንኛና በጣሊያንኛ። መኪናችሁን ከከተማው ውጭ ባለው ትልቅ ማቆሚያ ትታችሁ በአውቶቡስ ግቡ። በመኪና ገብቶ ልዝናና ያለ ሰው ሲሰደብ አይቻለሁ።

ፒራን አጠገብ የሴቾቭልዬ የጨው መሬት አለ። ባሕሩን ወደ ጥልቀት የሌላቸው መደቦች ያስገቡታል፤ ፀሐይ ታደርቀዋለች፤ ጨው ጠራጊው በእንጨት መሣሪያ ይሰበስባል። ከሥሩ ፔቶላ የሚባል ስስ ሕያው ምንጣፍ ያሳድጋሉ፤ ጨውና ጭቃ እንዳይነካካ። አሞሌ በግመል ሲመጣ ሰምተን ላደግን፣ ጨው ስንት ዓይነት ልፋት እንዳለው ለማየት አንድ ሰዓት አይበዛም።

ምሥራቁን እንተወው?

ጊዜ ከሌላችሁ አዎ። ካላችሁ ግን ማሪቦር ከተማ ውስጥ ከ400 ዓመት በላይ የኖረ፣ ዛሬም ፍሬ የሚሰጥ የወይን ተክል ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል። ፕቱይ የሮማውያን ዘመን ከተማ ነች። ከሙራ ወንዝ ማዶ ያለው ፕሬክሙርዬ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ሽመላዎች በመብራት ምሰሶ ላይ ጎጆ ሠርተዋል። እዚያ ግን ተራራ የለም፤ አልፕስን አይታችሁ ከመጣችሁ መጀመሪያ ይቀዘቅዝባችኋል።

በጾም ምን እንበላለን?

እኛ የሄድነው በሰኔ ጾም ነበር፤ አክስቴ ደግሞ የሐዋርያትን አይተዉም። «ቪጋን» የሚለውን ቃል ከተማ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል። ገጠር ስትገቡ «ብሬዝ ሜሳ፣ ብሬዝ ምሌካ፣ ብሬዝ ያይትስ» በሉ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የሌለበት ማለት ነው። ቅቤውን ለብቻው አንሱት።

ዝጋንትሲ የሚባል ምግብ አላቸው፤ ባክዊት ከሚባል ጠቆር ያለ እህል ዱቄት ተገንፍቶ የሚሠራ። ሳህኑ ሲመጣ አክስቴ «ይሄማ ገንፎ ነው» አሉ። ልክ ናቸው። ብዙ ጊዜ ከላዩ የተጠበሰ የአሳማ ስብ ይነሰንሱበታል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ «ስቡን ተዉት» በሉ። አክስቴ ከቦርሳቸው ሚጥሚጣ አወጡ። አስተናጋጁ ቀመሰ፤ ውሃ ፍለጋ ሄደ። የውሃ ነገር ከተነሳ፣ የቧንቧው ይጠጣል፤ ስሎቬኒያ በ2016 ንጹሕ የመጠጥ ውሃን በሕገ መንግሥቷ መብት አድርጋለች።

ለማይጾም የብሌድ ክሬም ኬክ አለ፤ ኪዩብ ሆኖ የተቆረጠ፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ። ማኪያቶ ስትሉ ይገባቸዋል፤ ቃሉን እነሱም ከጣሊያን ነው የወሰዱት።

ምን ይዘን እንመለስ?

ማር። ንብ እዚህ አገር ክብር አላት። አንቶን ያንሻ የሚባለው ስሎቬኒያዊ የንብ ሊቅ የተወለደው በ1734 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ሜይ 20ን የዓለም የንብ ቀን ያደረገው በስሎቬኒያ ጠያቂነት፣ የያንሻን የልደት ወቅት አስቦ ነው። የቀፏቸው ፊት ላይ ሥዕል ይስላሉ፤ ከብሌድ አጠገብ ራዶቭሊትሳ ሙዚየሙ አለ። ሜዲትሳ የሚባል የማር መጠጥም አላቸው። ጌሾ የለውም። አክስቴ ጾሙ እስኪፈታ ጠብቀው ቪየና ላይ ቀመሱት፤ «ብርዝ ነው» ብለው ብርጭቆውን መለሱ።

ሁለት ጠርሙስ ይዘን ነበር። ሁለተኛው እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። የሴቾቭልዬ ጨው ግን አልቋል።